እማዬ በራሷ የምትገባበት በር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ደረጃው ፈረሰ። ሦስቱም። ጠዋት ወደ ቢሮ ስሄድ ነበሩ፣ ማታ ስመለስ የሉም። ወደ ገዛ ቤቴ የገባሁት አሸዋ የሚሸከሙበትን ባሬላ ገልብጬ እሱ ላይ ቆሜ ነው። አንደኛው የቀን ሠራተኛ "ለዛሬ ደረጃሽ ይሄ ነው" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

አሥር ቀን ነው ያለኝ። እማዬ የሚቀጥለው ሐሙስ ከሆስፒታል ትወጣለች። ስኳሩ ግራ እግሯን ከጉልበት በታች ወስዶባታል። የሰጧት ተሽከርካሪ ወንበር አልጋዋ አጠገብ ቆሟል፣ እሷም እንደ ባለዕዳ ገልመጥ ታደርገዋለች።

ባለፈው ሳምንት እንዲህ አለችኝ፦ "ተሸክማችሁ የምታስገቡኝ ከሆነ አልመጣም። ከዚያ በር በሰው ትከሻ የወጣው አባትሽ ነው። እኔ በቁሜ በሰው እጅ አላልፍበትም። ምዕራብ ዓባያ እህቴ ጋ እሄዳለሁ፣ የእሷ ቤት ደረጃ የለውም።" የእህቷ ቤት ከሆስፒታሉ ሩቅ ነው። ቁስሉ ገና አልደረቀም። በየሁለት ቀኑ የሚያጥብላት ሰው እዚያ የለም። እማዬ ደግሞ ከተናገረች ተናገረች ነው።

እስከ ሐሙስ ማለቅ ያለበት፦
– በደረጃው ፋንታ ወንበሩ የሚወጣበት ዘቅዛቃ መንገድ፣ ራምፕ የሚሉት
– በሩን ማስፋት
– ጓዳውን መጸዳጃ ቤት ማድረግ
– እዚያው ግድግዳ ላይ እጇ የሚይዘው ብረት

ሁሉንም ከነልኩ በወረቀት ጽፌ ለግንበኛው ለጋሽ ማሴቦ ሰጠኋቸው። የጨንቻ ሰው ናቸው፣ ሥራ ሲኖራቸው እዚህ ሲቀላ ሰፈር ይከርማሉ። ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት፣ አጠፉት፣ ባርኔጣቸው ውስጥ ከተቱት።

"ወንበሯስ?" አሉ። ለእሳቸው ወንበርም በርም ሲሚንቶም ሴት ናቸው።

"ልኩ ወረቀቱ ላይ አለ፣ ጋሼ።"

"ወረቀት ላይ ያለች ወንበር እጅ የላትም።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ለመጠየቅም ደክሞኝ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ተከራከርን። በግቢያችን የሽፈራው ዛፍ ምክንያት።

ጋሽ ማሴቦ ከበሩ ጀምረው ሜትራቸውን እየዘረጉ ወደ ውጭ በር ሄዱ። አራት ሜትር ላይ ዛፉ አስቆማቸው። "ቤቷ ከመሬት ስልሳ ሳንቲም ከፍ ብላለች" አሉ። "ራምፗ ሰባት ሜትር ትፈልጋለች። መሃሏ ላይ ማረፊያ ደግሞ።" በግራ ማድ ቤቱ አለ፣ በቀኝ የውሃ ታንከሩ። የሚታጠፍበት ቦታ የለም።

ዛፉ ጋ ሲደርሱ እንዲያቆሙ ነገርኳቸው።

"ትቆማለች፣ ምን ችግር አለው። ግን ቀጥ ያለች ዳገት ትሆናለች። እናትሽ ትወጣለች፣ በሰው ጉልበት ትወጣለች።"

"ዛፉ አይነካም" አልኩ። ከዚህ በላይ አላስረዳሁም። ምን ብዬ ላስረዳ? ያን ሽፈራው የተከለችው እማዬ ናት። ሰፈሩ ሁሉ ቅጠል የሚለቅመው ከእሱ ነው። ለግፊት ነው፣ ለስኳር ነው እያሉ ይወስዳሉ። እሷም ስኳሯን ያወርድልኛል ብላ በየጠዋቱ ቅጠሉን ቀቅላ ስትጠጣ ኖረች። እግሯን ሲቆርጡት ግን ዛፉ ከነቅጠሉ ቆሞ ነበር። አንዳንዴ በዛፉ እናደዳለሁ። ቢሆንም አስቆርጬ አልጠብቃትም። እግር ቆርጦ ዛፍ መድገም ግፍ ነው።

ጋሽ ማሴቦ ሜትራቸውን ጠቀለሉ። ሥራቸውን ከወትሮው ቀደም ብለው አቆሙ። የት እንደሄዱ አላውቅም። ሠራተኛ ዓይንህ ሥር ካልዋለ እንዲህ ነው እያልኩ ስነጫነጭ አመሸሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ምስጥ።

በሩን ለማስፋት ግድግዳውን ሲከፍቱ ከልስኑ ጀርባ ያለው እንጨት ተበልቶ አልቋል። ጋሽ ማሴቦ በጣታቸው ነኩት፣ እንደ በሶ ረገፈ። እኛ ለካ ስንት ዓመት የኖርነው በልስኑ ላይ ተደግፈን ነው። አባዬ በየዓመቱ ቀለም ይቀባው ነበር። ቀለሙ እስከዛሬ ያምራል።

አዲስ እንጨት ያስፈልጋል። የተቃጠለ ዘይት የተቀባ ይሁን አሉ። አንድ ቀን ሄደ።

ትንሽ ድል፦ ውሃ መጣ። ሁለቱን በርሜልና ታንከሩን ሞላሁ።

ማታ ሆስፒታል ሄድኩ። እማዬ ደህና ናት፣ ማለቴ እንደ ትናንቱ ናት። የሌለው እግሯ ይበላታል። እጇን ሰዳ ልታክከው ትልና አንሶላ ጨብጣ ትቀራለች። እኔ ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።

ስለ ምስጡ አልነገርኳትም። ስለ ምንም አልነገርኳትም። "ሁሉም በደንብ እየሄደ ነው፣ አንቺ አታስቢ" አልኳት። አየችኝና "ጋሽ ማሴቦ ምሳ ምን ይበላሉ?" አለችኝ። ስማቸውን መቼ እንደነገርኳት አላስታውስም። ራሴ መሥራት አቁሟል መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13



ከቢሮ ስመለስ የግቢው ብርሃን ተለውጦብኝ ደነገጥኩ። መጀመሪያ ምን እንደጎደለ አልገባኝም። ከዚያ አየሁት። ሽፈራው ግንዱ በአንድ በኩል፣ ቅርንጫፉ በሌላ በኩል ተጋድሟል። ጉቶው ነጭ ነው፣ እርጥብ። ጋሽ ማሴቦ እዚያው ተንበርክከው ውሃ ልክ ያስቀምጣሉ።

ያልኩትን ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ነገ ለራሴ አሳምሬ አወራዋለሁ። አንቱ ስላቸው የኖርኩትን ሰውዬ አንተ አልኳቸው። በሠራተኞቻቸው ፊት፣ በአጥር ላይ በሚያዩት ጎረቤቶች ፊት። "እናት አሳድጋህ ቢሆን የሰው እናት ዛፍ አትቆርጥም ነበር!" አልኩ። ጮኼ።

ተነሡ። የግንበኛ ማንኪያቸውን ባልዲ ውስጥ አጠቡት። ደግመው አጠቡት። በሱሪያቸው አደረቁት፣ ዕቃቸውን ሰበሰቡ። ሰዎቹም ተከተሏቸው።

ውጭ በር ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው "እኔ እናት አለችኝ" አሉ። ሌላ ምንም።

ከዚያ ዘነበ። በሩ ክፍት ጉድጓድ ነው። ሸራ ወጥሬ ጫፉን በድንጋይ ያዝኩት፣ ነፋሱ አነሳው፣ እንደገና ያዝኩት። ሳሎኑ ጭቃ ሆነ። ዛሬ እማዬ ጋ አልሄድኩም። በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ?

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ማንም አልመጣም። ስልካቸው ዝግ ነው። ሌላ ግንበኛ ፈለግሁ። አንዱ ከሁለት ሳምንት በኋላ አለ። ሌላው መጥቶ አየና "የሰው ጅምር አልነካም" ብሎ ሄደ።

ከሰዓት ሆስፒታል ሄጄ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሳላስበው "እማዬ፣ ዛፍሽን ቆረጡት" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ቁረጥ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ጋሽ ማሴቦ ማክሰኞ ማታ ሆስፒታል መጥተው ኖሯል። ወንበሩን ለመለካት። ለክተው አልበቃቸውም፣ እሷን ተቀምጣ እንድትነዳው ለመኗት፣ በክፍሎቹ መሃል ባለው ኮሪደር። እጆቿ ጎማው ላይ ሲሆኑ ክርኗ ምን ያህል ወደ ጎን እንደሚወጣ በስንዝር ለኩ። እኔ በወረቀት የጻፍኩት የበር ስፋት ወንበሩን ያሳልፍ ነበር፣ እጆቿን ግን ይልጠው ነበር። ከዚያ ስለ ራምፑ ነገሯት። ዛፉ ከቆመ በሰው ተገፍታ እንደምትገባ ነገሯት። እሷም ቁረጠው አለች።

"ለልጄ ለአስቴር እኔ እስክነግራት ዝም በል ብዬ አስማልኩት። ትናንት ማታ ስትመጪ ልነግርሽ ነበር። አልመጣሽም።"

"ለምንድነው ራሴን ያልጠየቃችሁኝ?" አልኩ። እንደ ሕፃን።

"አንቺስ መቼ ጠየቅሽኝ?" አለች። ድምጿ ቁጣ አልነበረውም፣ እሱ ነው የገደለኝ። "በሩን ለካሽ፣ ወንበሩን ለካሽ። የሚገባበትን ሰው አንድ ነገር አልጠየቅሽም። አታስቢ ብቻ ነው የምትይኝ። የሞተ ሰው ነው አታስብ የሚባለው።"

ጋሽ ማሴቦን ያልኳቸውን ነገርኳት፣ ቃል በቃል። "ሂጂና ስድብሽን አንሺው" አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ጎረቤታችን እትዬ አልማዝ ያደጉት ገረሴ በምትባል የጋሞ ከተማ ነው። ጠዋት ስልክ ስሞክር አዩኝና ከእጄ ወሰዱት። "ዕርቅ በስልክ አይሆንም። እርጥብ ሣር ይዘሽ ሂጂ። ሣር ይዞ የመጣን ሰው ጋሞ አይመልስም።"

"እኔም እኮ ጋሞ ነኝ" አልኩ።

"አንቺ የቢሮ ጋሞ ነሽ።"

ከአጥራቸው ሥር ራሳቸው አጭደው በፌስታል ሰጡኝ። ሣር ታቅፌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። እንዲህ ሆኜ ሰው ቤት ሄጄ አላውቅም። መኪናው ወደ ጨንቻ ሽቅብ ተጠማዘዘ። ላይ ስንደርስ ጉምና ብርድ ነው፣ እኔ በቀጭን ሹራብ። መንገዱ ግራና ቀኙ ሣር፣ የሰው አጥር ሥር ሣር፣ የምረግጠው ሁሉ እርጥብ ሣር። ፌስታሌን ስከፍተው የእኔው ጠውልጓል።

እየጠየቅሁ ደረስኩ። ቤታቸው እንሰቱ መሃል ነው። የጋሽ ማሴቦ ሚስት ፌስታሉን አዩና ሳቁ። "ጨንቻ ሣር ጠፍታ ነው ከቆላ የምትጭኚው?" እኔም ሳቅሁ። ሳምንቱን ሙሉ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ጋሽ ማሴቦ አልሳቁም። ይቅርታ ማለት ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። "እኔን አይደለም የሰደብሽው። እሷ እዚያ ናት።"

እናታቸው ከቤቱ ጎን ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር። ትንሽ ሴትዮ ናቸው፣ ዓይናቸው አንዱ ደክሟል። አማርኛ አያውቁም። የእኔ ጋምኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። "ሳሮ" ብዬ ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገባ። ልጃቸው ሐሙስ ያልኩትን ተረጎሙላቸው፣ ሳይቀንሱ። ፊታቸውን እያየሁ ነበር፣ ቃሌ ሲደርሳቸው አየሁት።

ሣሩን ተቀበሉኝ። የጠወለገውን አንድ በአንድ ለቅመው ጣሉት። አረንጓዴ ሆኖ የተረፈውን፣ አምስት ስድስት ዘለላ ቢሆን ነው፣ ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"እናትሽ እህል ትበላለች ወይ ነው የምትልሽ" አሉ ጋሽ ማሴቦ።

ያኔ አለቀስኩ። ሐኪሙ ከነገረን ቀን ጀምሮ ያላለቀስኩትን ሁሉ እዚያ ጭቃ ላይ። አሮጊቷ እንዝርታቸውን ይዘው ጠበቁኝ።

ድንች በሚያቃጥል ዳጣ አበሉኝ። ስንወጣ ጋሽ ማሴቦን እንዲህ ብዬ ጠየቅኋቸው፦ ለምን እናትሽ ናት ያዘዘችኝ አላሉኝም? "ምያለሁ" አሉ። ስልኩስ ለምን ተዘጋ? "ከተጣላሁት ሰው ቤት ግድግዳ አልነካም፣ አባቴም አልነካም። በቂም የተሠራች ግድግዳ ትሰነጠቃለች።" ሰኞ እመጣለሁ አሉ።

እሑድ፣ ጥቅምት 16

ዝም ያለ ቀን። የሳሎኑን ጭቃ አጠብኩ። የሽፈራውን ቅጠል ሰፈርተኛው መጥቶ ለቀመ፣ የመጨረሻውን። አንዷ "እናትሽ ምን ትል ይሆን?" አለችኝ። አላውቅም አልኩ። ቁረጥ ማለቷን እንጂ ባዶውን ቦታ ስታይ ምን እንደምትል እውነትም አላውቅም።

አራት ቀን ቀረ። ራምፑ ገና አልተጀመረም። ሲሚንቶ ሊደርቅ ነው? ዝናቡ ሊያቆም ነው? ሆስፒታሉ አልጋውን ለሌላ ይፈልገዋል፣ አንድ ቀን አይጨምሩልንም። የእማዬ እህት ትናንት ደውላ "ክፍሉን አጽድቼላታለሁ" ብላለች። ደግነቷን ነው፣ እኔ ግን እንደ ክፉ ወሬ ሰማሁት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአካፋ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ወጣሁ። ጋሽ ማሴቦ ሦስት ሰው ጨምረው መጥተዋል።

እኔ ወረቀት አልጻፍኩም። ስልኬን ድምፁን ከፍ አድርጌ ባልዲ ላይ አስቀመጥኩት፣ እማዬ ከአልጋዋ ሆና ከጋሽ ማሴቦ ጋር ተነጋገረች። በጋምኛ፣ በአማርኛ፣ እንደመጣላቸው። የመጸዳጃው ብረት በግራ ይሁን ብዬ ነበር፣ የሌላት እግር ግራው ስለሆነ። "በቀኝ አድርገው፣ ኃይል ያለው ቀኝ እጄ ነው" አለች። የመታጠቢያው ቧንቧ ዝቅ ይበል አለች። የበሩ እጀታ ዝቅ ይበል አለች። "በሩ ሲከፈት ወደ ውስጥ ከሆነ ወንበሬን ይመታል" አለች። ከእነዚህ አንዱን እንኳ አላሰብኩም ነበር።

ማታ የራምፑ ሲሚንቶ ፈሰሰ። ጉቶው የነበረበት ቦታ ላይ ሜዳ አድርገውታል፣ ወንበር ቆሞ የሚያርፍበት ያህል። "ሦስት ቀን ውሃ ትጠጣለች፣ ማንም አይረግጣትም" አሉ። እኔን ነው ያዩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዘነበ። ጆንያና ላስቲክ አለበስነው። ጋሽ ማሴቦ ደመናውን እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ይቆጡታል። በሩ ገባ። ጠዋትና ማታ ራምፑን ውሃ አጠጣሁ፣ ጽጌረዳ እንደማጠጣ።

የሽፈራው ቅርንጫፍ በራምፑ ጎንና ጎን ተተክሏል፣ እንደ አጥር። ሠራተኞቹ ናቸው። "ይበቅላል?" አልኩ። ጋሽ ማሴቦ ትከሻቸውን ነቀነቁ። "ብትፈልግ ትበቅላለች።"

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

እማዬ ስኳሯ ከፍ ብሏል። መውጣቷን ነገ ጠዋት ለክተው ነው የሚወስኑት። መጸዳጃው አልቋል። ብረቱን ይዤ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት፣ አልተነቃነቀም። ይህን ያህል ሥራ ከአጠገቤ ቆሞ ሳየው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልመጣልኝም። ለማን ነው ይህ ሁሉ የሚሠራው? ነገ እግሯ አይመለስም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

መጣች።

መኪናው ከውጭ በር ቆመ፣ ወንበሩን አወረድን፣ ከመኪናው ወደ ወንበሩ ራሷ ተላለፈች። ጋሽ ማሴቦ ሥራው ስላለቀ መምጣት አልነበረባቸውም። መጥተዋል። ባርኔጣቸውን አውልቀው ከአጥሩ ሥር ቆሙ።

እማዬ ራምፑን አየችው። እጆቿን ጎማው ላይ አደረገች። መጀመሪያው ላይ ቶሎ ሄደች። ከዚያ ዝግ አለች። ትንፋሿ ይሰማ ነበር። ማረፊያው ሜዳ ጋ ስትደርስ ቆመች። አንድ እርምጃ ተራመድኩ።

"ተያት" አሉ ጋሽ ማሴቦ።

ወደ ላይ አየች፣ ቅጠሉ የነበረበት ቦታ ሰማይ ብቻ ነው። "ጥላው እዚህ ነበር" አለች። ጠበቅናት። እትዬ አልማዝ አፋቸውን በነጠላ ይዘዋል።

ከዚያ ገፋችው። በሩን ስታልፍ ክርኖቿ መቃኑን አልነኩትም። በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ስንዝር ተርፎ ነበር። ገባች።

እልል ልንል ስንል ሳሎኑ መሃል ላይ ወንበሯን አዞረችው። ፊቷን ወደ በሩ አደረገች። "ዞር በሉልኝ" አለች። ወጣች። ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይከፋል። ጋሽ ማሴቦ ሮጠው ከፊቷ ሆነው ወደ ኋላ እየተራመዱ ወረዱ፣ ሳይነኳት፣ እጃቸውን ዘርግተው። እሷ ጎማውን በመዳፏ እየያዘች፣ እየለቀቀች፣ እስከ ውጭ በር ድረስ ወረደች። መዳፏ ተላልጧል።

"መግባቱንማ ማንም ያስገባኛል" አለች። "አባትሽ ያቃተው በራሱ መውጣቱ ነው።"

ምሳ ላቅርብ አልኩ፣ እምቢ አለች። ጋሽ ማሴቦ ከእሷ ጋር ጥቂት ቆይተው ተሰናበቱ። እሷ ውጭ በር ላይ ተቀምጣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ትላለች። አንዳንዱ ቆሞ እግሯን አይቶ ምን እንደሚል ይጠፋዋል፣ እሷ ቀድማ ስለ ልጆቹ ትጠይቀዋለች። የተተከሉት ቅርንጫፎች ቅጠላቸውን ጥለዋል። እኔ ውስጥ ሆኜ ይህን እጽፋለሁ፣ ጆሮዬ ግን ውጭ ነው። ስትደክም እንድትጠራኝ ነግሬያታለሁ። እየመሸ ነው። እስካሁን አልጠራችኝም።